ነፋስ የቆጠረው

ከኢየሩሳሌም የገባሁ ዕለት
የጨጨላ ሰው በሙሉ መጣ፣
አንዱ ትከሻዬን፣ አንዱ እጄን ሳመ፣
አንዱ ካመጣሁት ጧፍ ቆንጥሮ ወጣ።
«መቃብሩ እንዴት ነው? ድንጋዩስ እንዴት ነው?
ዐይንህ ምን አየልን? ጆሮህ ምን ሰማ?»
ልናገር ስነሣ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ
ተረከዜን የላጠው የውሰት ጫማ።

የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ እኔ፣
ሃያ ሦስት ዓመት ደብተር ይዤ የዞርኩ፣
ከአራዳ እስከ ቀሃ፣ ከቀሃ አዘዞ
ሰው ደጅ አጎንብሼ ቁጥር የለቀምኩ።
ውሃ ሲጠፋብን፣ ቧንቧው ሲደርቅ
አንዳንዴ ቆጣሪው ዝም ብሎ ይዞራል፤
«ጠብታ ሳናይ!» ብለው ይጮሁብኛል፤
ነፋስ ነው፣ እላለሁ፤ ነፋስም ያስቆጥራል።

እዚያ በጌታ መቃብር ደጃፍ
ከግሪኩ፣ ከሩሲያው፣ ከሕንዱ ተጋፍቼ
ሽቶ የጠገበውን ድንጋይ ሳምኩ፣
አለቀስኩ፤ አዎ፣ ድምፅ አውጥቼ።
እንባዬ ሳይደርቅ ግን አንድ ነገር ወጋኝ፣
በሥራዬ አመል ውስጤን ስመረምረው፦
ይሄ የሮጠብህ፣ ይሄ ያሻቀበው ቁጥር
ውሃ ነው? ወይስ ነፋስ ነው ያዞረው?

ዴር ሱልጣን ጣራ ላይ፣ ከጎጆዎቹ መሃል
አንድ መነኩሴ ውሃ ሰጡኝ በጣሳ፤
«ከየት ነህ?» «ከጎንደር።» «ዘንቧል?» አሉኝ ብቻ፣
ሌላ ሳይጠይቁ፣ ሌላ ነገር ሳይነሣ።
ያኔ ነው መሰለኝ የሆነ ነገር የነካኝ፤
ግን «ዘንቧል?» የምትል ቃል ይዤ ብገባ
ለጨጨላ ሰው ምኑን ላካፍለው፣
ምኑን ላሳልመው፣ ምኑን ልቀባ?

ሰዉ ሁሉ ሲበተን፣ የውሰት ወንበር ሲመለስ
እንግዳዬ ቀረች፣ በሩ ላይ እንደቆመች፤
«ተራሽ ደርሷል» ሲሏት፣ «ዛሬ ነገ» ሲሏት፣
ልጇ እዚያ፣ እሷ እዚህ፣ ኪራይ ቤት ያረጀች።
እኔ እሑድን፣ እሷ ቅዳሜን እናከብራለን፤
የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ፣
ስታስል እሰማለሁ፣ ስጸልይ ትሰማለች፤
ሃያ ዓመት ጎረቤት፣ ስሟ ግን እንግዳ።

«ወረቀቴን፣» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ከግንቡ ስንጥቅ ውስጥ አስገባህልኝ?»
ስሄድ የሰጠችኝ፣ በተማሪ ያስጻፈችው፣
አራቴ አጥፋ በነጭ ክር ያሰረችልኝ።

እጄ ወደ ኮቴ ደረት ኪስ ሄደ።
እዚያው ነው። እዚያው ነበር። አልተፈታም ክሩ።
ግንቡ ሥር ደርሻለሁ፣ ፎቶም ተነሥቻለሁ፣
መዳፌን ለጥፌበታለሁ፣ እግዜር ነው ምስክሩ።
የሳምኩት ደጃፍ ብዛቱ፣ የሳምኩት ድንጋይ!
የራሴን ልመና አንድ በአንድ ደረደርኩ፤
ጣት የማታህል የሰው አደራ ግን
ኪሴ ውስጥ ቀብሬ ባሕሩን ሁለቴ ተሻገርኩ።
ማመንና መታመን የአንድ እናት ልጆች፣
አንዱን ፍለጋ ወጥቼ ሌላውን ጣልኩ።

«አዎ» ልል ነበረ። «አዎ» ቀላል ናት።
ያን ያህል መንገድ ማን ሄዶ ያጣራል?
ግን ያላየሁትን ንባብ ጽፌ አላውቅም፤
ደብተሬ ላይ እንኳ «አልታየም» ይጻፋል።

«ረሳሁት፣» አልኳት። ወረቀቱን ሰጠኋት።
አልተቆጣችኝም፤ እሱ ነው የከበደኝ።
ክሩን በጥርሷ ይዛ አጥብቃ ቋጠረች፤
«መንገዱ ነው፣ ደክሞህ ነው፤ ተኛ፣» አለችኝ።

ሌሊት ከግድግዳው ማዶ ጭቃ ሲፋቅ ሰማሁ፤
ሲነጋ በኔ በኩል፣ ከስንጥቁ መሃል
የነጭ ክር ጫፍ አየሁ፣ ከጭዱ ጋር ተመሳስላ።
አልሳብኳትም።
ጠዋት ጠዋት ወደ ምሥራቅ ዞሬ ስቆም
ዐይኔ ወደ እሷ ይሾልካል፤
እኔም አልከለክለው።

ትናንት ቧንቧው አጉረመረመ፣
በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት።
ተነሥቼ በባትሪ ቆጣሪዬን አየሁ፤
ትንሿ ቀይ መርፌ ትዞራለች፣ በፍርሃት።
ነፋስ ነው፣ አልኩ።
ባልዲ ግን ደቀንኩ።